ምግቡ የአማትሽ፣ እጁ ያንቺ ይሁን

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ባለቤቴ ቻይናዊ ነው፤ ጓንግዡ አጠገብ ፎሻን ተወልዶ ያደገ። እህቱ ዓምና ስታርፍ ሴት ልጇ አያቷ እጅ ቀረች። አሁን ሁለት ዓመት ከስምንት ወሯ ነው። የጉዲፈቻው ወረቀት አልቆልን በኦክቶበር ልናመጣት እንሄዳለን፤ ሦስት ሳምንት ያህል እንቆያለን። እኔ ቻይናን አላውቃትም። ምን ላብላት? የዱቄት ወተትና ሲሪያል ከዚህ ልያዝ? ኦርቶዶክስ ስለሆንን አሳማ ቤታችን አይገባም፤ እሷ ግን ለምዳዋለች አሉ። ጓንግዡ ዕቃ ርካሽ ነው እያሉም ዘመዶቼ የትእዛዝ መዓት ጭነውብኛል። ከልጅ ጋር ገበያ ይቻላል?»

መልስ፦

እህቴ፣ ለሟቿ ነፍስ ይማር፤ ለልጅቷ ደግሞ እንኳን ደስ አላችሁ። ሁለቱም አንድ ቤት ውስጥ እንዳሉ አትርሺ። ልጅቷ የምትበላውንም የማትበላውንም የሚወስነው በአብዛኛው ይኸው ነው።

መጀመሪያ ስለ ወረቀቱ አንድ ነገር ልበል፤ ሰው ሁሉ «ቻይና ጉዲፈቻ ዘግታ የለ?» ማለቱ አይቀርም። እውነት ነው፣ ዘግታለች። በሴፕቴምበር 2024 ነው ማቆሟን ያስታወቀችው። ከ1992 ወዲህ ከ160,000 በላይ ልጆች ወደ ውጭ ሄደዋል፤ ግማሽ ያህሉ አሜሪካ ገብተዋል። ክፍት የቀረው እስከ ሦስት ትውልድ ላለ የሥጋ ዘመድና ለእንጀራ ልጅ ብቻ ነው። እናንተ የገባችሁት በዚያች ጠባብ በር ነው። የቀረውን ለጠበቃችሁ ልተወውና ወደ ልጅቷ ሆድ ልሂድ፤ የኔ ሙያ እሱ ነው።

በሥራዬ ያየኋቸው አብዛኞቹ የቻይና ልጆች ከማሳደጊያ የመጡ ነበሩ። ምን ይበሉ እንደነበር፣ ምግቡ ምን ያህል ይቀጥን እንደነበር፣ በስንት ሰዓት ይበሉ እንደነበር ወላጆቻቸው አያውቁም። ከወረቀት ላይ «ሩዝ፣ እንቁላል፣ ወተት» የሚል አንድ መስመር ቢያገኙ ነው። አንቺ ግን ወርቅ አለሽ፤ አማትሽ አሉ። (አማትን ወርቅ ስል የሚስቅ አይጠፋም። ይሳቅ።)

ስለዚህ ከዚህ ሲሪያል ተሸክመሽ አትሂጂ። ይህን የምልሽ ራሴ ተሳስቼ ስላየሁት ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ወዳጆቼ ጥንዶች ጓንግዡ ሄደው የሁለት ዓመት ተኩል ልጅ ሲቀበሉ አብሬያቸው ነበርኩ። የእኔ ምክር የአጃ ሲሪያል፣ የተፈጨ ፖምና የታሸገ ብስኩት በሻንጣ ሙሉ አስይዟቸዋል። ልጅቷ ሁለት ቀን አፏን አልከፈተችም። የሆቴሉ ቁርስ ስድሳ ዓይነት ምግብ ነበረው፤ እሱን ስታይ ይብሱን አለቀሰች። በሦስተኛው ቀን አባትየው ከጎዳና ዳር ምንም ያልተቀላቀለበት የሩዝ ጁክ በፕላስቲክ ሳህን ይዞ መጣ። ሽታው ሲደርሳት ልቅሶዋን አቆመች። ሳህኑን ጨርሳ በጣቷ ጠረገችው። እኔ ባለሙያዋ ሲሪያሌን ወደ ሻንጣው መለስኩ።

ጁክ ማለት ሩዙ እስኪፈርስ በብዙ ውሃ የተቀቀለ ነው፤ ከአጥሚት ወፈር፣ ከገንፎ ቀጠን ይላል። በማንዳሪን «ዡ» ይሉታል። ለታመመም፣ ላረጀም፣ ላራሰም፣ ለሕፃንም የሚሰጠው እሱ ነው። ሌላው የሕፃን ምግባቸው በእንፋሎት የበሰለ እንቁላል ነው። እንቁላሉን በለብ ያለ ውሃ መትተው በእንፋሎት ሲያበስሉት እንደ ጄሊ ይለሰልሳል። ጥርስ አያስፈልገውም፣ ሩዝ ላይ ይደረጋል። ማንታው ደግሞ እኛ ሕብስት የምንለው ነው ማለት ይቻላል፤ ትንሽና ለስላሳ። እነዚህን ሦስቱን ከያዝሽ ሦስት ሳምንቱን ትዘልቂያለሽ።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለልጅቷ ምግብ ቫይታሚን አይደለም፤ «አንቺ ማነሽ?» ለሚለው ጥያቄዋ የምትሰጪው መልስ ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ እናት የሚለው የሚያጎርሰውን ነው። ስለዚህ ምግቡ የአማትሽ ይሁን፣ ምንም አትቀይሪበት። እጁ ግን ቀስ በቀስ ያንቺ ይሁን።

ቀስ በቀስ ስል ምን ማለቴ ነው? ፎሻን እንደደረስሽ ማንኪያውን አትንጠቂ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት አያቷ ሲያበሏት አጠገብ ተቀመጪ፣ አንቺም ያንኑ ብዪ። ከዚያ ሳህኑን አንቺ ያዢ፣ ማንኪያው እሳቸው ጋ ይሁን። ከዚያ አንድ ማንኪያ አንቺ፣ አንድ እሳቸው። ከዚያ አያቷ በምግብ ሰዓት «ሻይ ላፍላ» ብለው ወደ ማድቤት ይሂዱ። በመጨረሻ አንቺና እሷ ብቻ። ሁለት ቀን ወደፊት ሄዳ አንድ ቀን ብትመለስ አይክፋሽ።

ይህን ለአማትሽ ማስረዳት ያለበት ባልሽ ነው፣ አንቺ አይደለሽም። ልጃቸውን የቀበሩ ሴት ናቸው። የልጅ ልጃቸው ደግሞ ልትሄድ ነው። ማንኪያውን መልቀቅ ለሳቸው ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ።

እኛ ደግሞ ጉርሻ አለን፤ በእጅ ማጉረስ ላንቺ እንግዳ አይደለም። ማንታውን ቆርሰሽ አጉርሻት። ዓይን ዓይኗን እያየሽ። ስትጠግብ ፊቷን ታዞራለች፤ ያኔ አቁሚ። «አንድ ስትሆን አታምርም፣ ድገሚ» የሚለውን የኛን ነገር ለጊዜው እርሺው። ስታዞር እንደምታቆሚላት ስታውቅ ነው ነገ አፏን ደስ ብሏት የምትከፍተው።

አስተናጋጇ፣ አክስቶች፣ ጎረቤት ሁሉ ከረሜላ ሊያቀብሏት ይመጣሉ። ልጅ ይወዳሉ፣ በጣም። ከሰው እጅ ተቀብለሽ አንቺው ስጪያት። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን በአሥር ቀን ውስጥ «ምግብ ከዚህች ሴት ይመጣል» የሚለው የሚገባት እንዲህ ነው። ኪስሽ ውስጥ ሁልጊዜ የሩዝ ብስኩት ይኑር። ስትጠይቅ ስጪ፣ አትከራከሪ። አንዳንዱ ልጅ ሲያዝን ጨርሶ አይበላም፤ አንዳንዱ ደግሞ ሆዱ እስኪነፋ ይበላል፣ ማንታው በእጁ ይዞ ይተኛል። ሁለቱም ሐዘን ነው። ማንታውን ከእጇ አትውሰጂ፤ ከተኛች በኋላ ታነሺዋለሽ።

ከካንቶኒዝ ሦስት ቃል ተማሪ። «ሴክ ፋን» እንብላ ነው፣ «ሶይ» ውሃ፣ «ባው» ጠገብኩ። ድምፁን ባልሽ ያስተካክልልሽ፤ ዜማው ሲቀየር ትርጉሙም ይቀየራል።

ወተቱን አትለውጪ። አያቷ የሚሰጧት የዱቄት ወተት የትኛውም ይሁን፣ ሁለት ቆርቆሮ ገዝተሽ ሜሪላንድ ድረስ ይዘሽ ግቢ። ቤት ከገባችሁ ከአንድ ወር በኋላ ቀስ እያልሽ ታቀላቅያለሽ። ስለ ቻይና ወተት የሰማሽው ፍርሃት አለ፤ አውቃለሁ። በ2008 ሜላሚን የተባለ ኬሚካል በዱቄት ወተት ተቀላቅሎ 300,000 ያህል ሕፃናት ታመው ስድስት ሞተዋል። ከዚያ ወዲህ ብዙ የቻይና ወላጅ የውጭ ወተት ያሳድድ ጀመር። ሆንግ ኮንግ ሳትቀር ወተት አልቆባት በ2013 አንድ ሰው ከ1.8 ኪሎ በላይ ይዞ እንዳይወጣ ከልክላ ነበር። እናም አማትሽ የሚጠቀሙት ራሱ ከውጭ የመጣ ሊሆን ይችላል። ቆርቆሮውን አንብቡት። በዚህ ዕድሜ በቀን ሁለት ኩባያ ወተት ይበቃታል። ከሦስት ካለፈ ሆዷን ይሞላና ሌላ ምግብ ያስተዋታል፣ የደም ማነስም ያመጣል።

ውሃ የተፈላ ብቻ። የቧንቧው ቀጥታ አይጠጣም፣ እነሱም አይጠጡትም። ሆቴል ውስጥ ውሃ ማፍያ አለ፤ ትንሽ ፔርሙስ ገዝተሽ ያዢ። ልጅቷ የለመደችው ለብ ያለ ውሃ ነው። በረዶ የተጨመረበት ብትሰጫት ፊቷን ትቋጥራለች፣ አያቷም በድንጋጤ ይጮሃሉ። ምግብ ቤት ስትገቡ ሰው ሁሉ ሳህኑንና ጽዋውን በሙቅ ሻይ ሲያለቀልቅ ታያለሽ። የጓንግዶንግ ልማድ ነው፤ አንቺም አለቅልቂ።

ወደ አሳማው እንምጣ። «ሮው» ሥጋ ማለት ነው፤ ብቻውን ሲጠራ ግን የአሳማ ነው። የበሬ «ኒዩሮው»፣ የበግ «ያንግሮው»፣ የዶሮ «ጂሮው» ይባላል። «ሥጋ የለበትም» ተብሎ የመጣ አትክልት እንኳን በአሳማ ስብ የተጠበሰ ሊሆን ይችላል። እንቁላል በመሐሉ ያለበት ጣፋጭ ቂጣቸውም ሊጡ ብዙ ጊዜ የአሳማ ስብ አለበት። ለራስሽ የምትፈልጊው «ቺንግዠን» የሚል ጽሑፍ ያለበት ቤት ነው፤ ሐላል ማለት ነው። የላንዡ የበሬ ሥጋ ኑድል ቤቶች በየሰፈሩ አሉ። ሊጡን ፊትሽ በእጅ እየሳቡ ነው የሚሠሩት፤ ለልጅም ትርኢት ነው። የሥጋው ባራኪ ማን ነው የሚለው ያሳስበኛል ካልሽ ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ፤ እኔ እዚያ አልገባም። ለጾም ቀን የቡዲስቶች የአትክልት ምግብ ቤት አለ፤ ወተትና እንቁላል ግን ጠይቂ።

ለልጅቷ ግን በነዚህ ሦስት ሳምንታት ጦርነት አትክፈቺ። ባልሽ እናቱን ጁኩን በዓሣ ወይም በዶሮ እንዲሠሩላት ይጠይቅ። የዓሣ ጁክ የጓንግዶንግ የራሱ ምግብ ስለሆነ አያስከፋም። የወንዝ ዓሣቸው ግን ቀጫጭን እሾህ ይበዛዋል፤ በጣትሽ ፈትሺው። ቶፉም አለ። አያቷ በመጨረሻዎቹ ቀናት በገዛ ቤታቸው አንድ የአሳማ ቁራሽ ቢያጎርሷት? እኔ ብሆን አላየሁም። ሜሪላንድ ስትገቡ ቤቱም ማድቤቱም ያንቺ ነው።

ያም ቻ ይዘዋችሁ መውጣታቸው አይቀርም። ጠዋት ጠዋት ሽማግሌ፣ ልጅ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ሻይና ትናንሽ ምግብ የሚበላበት ነው። ጫጫታው ከባድ ነው። ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ ይሁን፤ ጠርዝ ላይ ያለ ጠረጴዛ ያዙ፣ አንድ ሰዓት ሲሞላ ውጡ። ቼንግ ፋን እዘዢላት፤ ከሩዝ ሊጥ በስሱ ተጋግሮ የተጠቀለለ ነው፤ ባዶውን ሶያ ጠብ አድርገሽበት።

አንድ የምፈራው ነገር አለ። ሱቅ ሁሉ በትናንሽ ኩባያ የታሸገ ባለቀለም ጄሊ ይሸጣል፤ ኮንጃክ ከሚባል ሥር የሚሠራ አለ። አፍ ውስጥ አይሟሟም፣ ጉሮሮ ላይ ሄዶ ይለጠፋል። አሜሪካና አውሮፓ ልጅ ስላነቀ ነው ያገዱት። ሰው በፍቅር ይሰጥሻል፣ አመስግነሽ ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺ። ኦቾሎኒም እስከ አራት ዓመት አይሆንም። ወይን ለአራት ተሰንጥቆ ብቻ።

ሆዷ ቢደርቅ አይግረምሽ፤ ጉዞና ሐዘን ያደርቃል። ፓፓያ እዚያ እንደ ልብ ነው። ተቅማጥ ቢይዛት ለምለም (ኦ.አር.ኤስ. የሚባለውን በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት) ከዚህ ሁለት ሦስት ከረጢት ያዢ። ቢያልቅብሽ በአንድ ሊትር የተፈላ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ሳይቆለል። ደም ካየሽበት፣ ሽንቷ ከጠፋ ወይም ፈዛ ከተኛች ግን ወዲያው ሆስፒታል። አሜሪካ ከገባችሁ በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ሐኪም ይያት። የደም ማነስ፣ ሊድ የሚባለው የእርሳስ ብረት፣ የሆድ ጥገኛ ተውሳክና ቲቢ ይታይላት። እስከዚያ ሚዛን ላይ እያወጣሽ አትጨነቂ።

ገበያው። መጀመሪያ ቀኑን ልንገርሽ፦ የካንቶን ትርኢት በየዓመቱ በጸደይና በመጸው ይካሄዳል፤ የመጸው የሚጀምረው በኦክቶበር 15 ሲሆን እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ ይቀጥላል። የዓለም ነጋዴ ጓንግዡ ይገባል፣ የሆቴል ዋጋም አብሮ ይወጣል። ከቻላችሁ ፎሻን እደሩ፤ በሜትሮ ትገናኛላችሁ።

ብር በእጅ መያዝ ቢቻልም ሁሉም የሚከፍለው በስልክ ነው። ከ2023 ጀምሮ የውጭ ካርድ በአሊፔይና በዊቻት ላይ በቀላሉ ይያያዛል። እዚሁ ሜሪላንድ ሆነሽ ጫኚው፣ ካርድሽንም አያይዢ። ጎግል፣ ዋትሳፕ፣ ዩቲዩብና ቴሌግራም እዚያ ዝግ ናቸው። የአሜሪካ ስልክሽን ሮሚንግ ብታስከፍቺ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይሠራሉ። እናትሽ ልጅቷን በቴሌግራም ለማየት ከጠበቁ ቀድመሽ ንገሪያቸው፣ አለበለዚያ ጠፋች ብለው አገር ያምሳሉ።

የዘመድ ትእዛዝን ባልሽ አንድ ጠዋት ብቻውን ሄዶ ይገላገለው። ሃይዡ አደባባይ ዙሪያ ያሉት የጅምላ ሕንፃዎች አሻንጉሊትም ጌጣጌጥም የሞላባቸው ናቸው። ሻዎቤይ ደግሞ የአፍሪካ ነጋዴ ሰፈር ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ በቀጥታ ስለሚበር የኛም ሰዎች ያውቁታል። ዋጋ እንደ መርካቶ ነው፤ የተጠራው አይከፈልም። የገበያ አዳራሾቹ ውስጥ ግን አትከራከሪ። ልጅቷን ይዞ ጅምላ ተራ መግባት አይታሰብ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ትእዛዙን ግማሹን «አልደረሰኝም» ማለትም ይቻላል።

አንቺና እሷ በቀን አንድ ሱቅ ብቻ ግቡ፤ ለዚያውም ሠላሳ ደቂቃ። አንቀልባ ካለሽ ያዢው። እነሱም የራሳቸው ሜዳይ አላቸው፣ በጀርባ የሚታሰር፤ አያቷ ምናልባት በእሱ አዝለዋታል። ታዝላ ገበያ የወጣች ልጅ ዓለምን ከጀርባሽ ላይ ሆና ታያለች፣ ስትፈራ ፊቷን ትቀብራለች። ጋሪ ውስጥ ግን ብቻዋን ናት። የገበያ አዳራሾች «ሙዪንግ» የሚል የእናትና ሕፃን ክፍል አላቸው፤ ዳይፐር የምትቀይሪው፣ ሙቅ ውሃ የምታገኚው እዚያ ነው።

ልብስ የሚለካው በቁመት ነው። 90 ማለት ዘጠና ሴንቲሜትር ለሆነ ልጅ ነው፤ ለእሷ 100 ግዢ፣ ይቆያል። ብዙ ግን አትግዢ። የለመደችውን አሮጌ ልብስና ብርድ ልብስ ደግሞ ይዛ ትሂድ፣ ብርድ ልብሱን አትጠቢው። ሽታው የአያቷ ቤት ነው። መንገድ ላይ የማታውቂያቸው አሮጊቶች አስቁመው «ብርድ ልታስመቺያት ነው!» ብለው ይቆጡሻል። ቋንቋው ባይገባሽም ቃናው ይገባሽ ይሆናል፤ የኛዎቹም እንዲሁ ናቸው።

ለኋላ የሚሆን ነገር ግን ግዢላት። የቻይንኛ ስሟ የተቀረጸበት የድንጋይ ማኅተም ሻሚያን ደሴት ላይ ይሠራል። አንዳንድ ቤተሰቦች ትናንሽ ዕቃ ብዙ ገዝተው በየልደቱ አንድ አንድ ይሰጣሉ፤ ደስ የሚል ዘዴ ነው። የአሳማ ቋሊማና ትኩስ ፍራፍሬ ግን አሜሪካ አይገባም። አማትሽ ሻንጣሽ ውስጥ እንዳይሸጉጡብሽ ዓይንሽን አትንቀዪ።

ከሁሉ በላይ ግን የአማትሽን ማድቤት በስልክሽ ቅረጪ። ሩዙን ስንት እፍኝ፣ ውሃውን ስንት ኩባያ፣ እሳቱን እንዴት። ድምፃቸውም ይግባበት። ልጅቷ የምትበላበትን ሳህንና ማንኪያ ደግሞ ለምነሽ ውሰጂ፤ በልብስ ጠቅልለሽ በእጅ ሻንጣ።

እኔ የማያቸው ልጆች በአንድ ወቅት ብዙዎቹ ከኢትዮጵያ የሚመጡ ነበሩ፤ አገራችን በ2018 እ.ኤ.አ. ጉዲፈቻን ለውጭ ዜጋ እስክትከለክል ድረስ። የሦስት ዓመት ልጅ የማካሮኒ ሳህን ገፍቶ «ሽሮ» ብሎ ሲያለቅስ አይቻለሁ። ፈረንጅ እናቱ ቃሉን አታውቀውም ነበር። ጠረጴዛው ዞሮ አሁን አንቺ ጋ ደርሷል፤ ጁክ የሚለውን ቃል ግን ታውቂዋለሽ።

እንጀራስ መቼ? ብለሽ አልጠየቅሽም፣ ግን ልብሽ እዚያ እንዳለ ይገባኛል። አትቸኩዪ። ቤት ከገባችሁ በኋላ አንቺ ስትበዪ አጠገብሽ ትቀመጥ። እጇን ከሰደደች አንዲት ትንሽ ቁራሽ አልጫ አስነክተሽ እንደ ቼንግ ፋን ጠቅልለሽ ስጪያት። በርበሬው ይቆይ። ብትተፋው ባልሽ ይበላዋል።